የሁለት ሰዓት እንቅልፍ

ሩሃማ በፍቃዱ ያን ቀን የተሳሳተ ባቡር ላይ የወጣችው ከድካም የተነሳ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ አሌክሳንድሪያ የሚወስደውን ቢጫ መስመር ስትጠብቅ ቆይታ፣ በሩ ሲከፈት አቅጣጫውን እንኳ ሳታይ ገባች። ባቡሩ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ነበር። የበረራ አስተናጋጅነት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ባለ ጎማ ሻንጣዋን በጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ፣ ገና ከመቀመጧ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

የቀሰቀሳት አማርኛ ነው።

«እህት… ይቅርታ። ባቡሩ እዚህ ጋ ያበቃል።»

ዓይኗን ስትገልጥ ፉርጎው ባዶ ነው። ከፊቷ አንድ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ጎንበስ ብሎ ቆሟል።

«የት ነው ያለሁት?»

«ማውንት ቨርነን ስኩዌር።»

«ወይኔ ጉዴ! እኔ እኮ ወደ አሌክሳንድሪያ ነበር የምሄደው!»

«አውቃለሁ» አለ ወጣቱ፤ ወዲያውም ያለው ነገር አሳፈረው። «ማለቴ… ሻንጣሽ ላይ ያለው ካርድ አሌክሳንድሪያ ይላል። ገና ፔንታጎን ስንደርስ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«እንዲያ ተኝተሽ? ሆዴ እምቢ አለኝ። አሁን ልንገራት፣ አሁን ልንገራት ስል የኔም ጣቢያ አለፈ።»

ሩሃማ ልትቆጣ አስባ ነበር። ቁጣው አፏ ላይ ሲደርስ ሳቅ ሆነ። ሰውየው ደግሞ እንደተሳቀበት አላወቀም፤ ስለ ስህተቱ ይቅርታ እየደጋገመ ሻንጣዋን ይጎትት ጀመር። የመመለሻው ባቡር እስኪመጣ አብሯት ቆመ። ስሙ ቢንያም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከአጎቱ ጋር ይኖራል፤ ቢሮው አርሊንግተን ነው። ባቡሩ ሲመጣ ሩሃማ አላየሁም ብላ ወሬዋን ቀጠለች። የሚቀጥለውን ነው የተሳፈረችው።

ከዚያ በኋላ ቢንያም የሩሃማን የበረራ ፕሮግራም ከራሷ በላይ አጥንቶ ያዘ። እሷ አርፋ በምትውልበት ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ይዞ፣ ከዚያ ወደ ቢጫው ቀይሮ፣ አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ድረስ ይመጣል። ከዚያም በመንገዱ ቁልቁል ወንዙ ዳር ይወርዳሉ፤ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሩሃማ እዚያው ትከሻው ላይ ታንቀላፋለች። እሱ ንቅንቅ አይልም። ፀሐይዋ ስትዞር የያዘውን መጽሐፍ ፊቷ ላይ ከፍ አድርጎ ጥላ ይሠራላታል። አንድ ቀን በአንድ ዓይኗ አየችው፤ ክንዱ ደክሞት ይንቀጠቀጣል፣ መጽሐፉን ግን አላወረደም። ሩሃማ የወደደችው ያኔ ነው፤ ለራሷ ያመነችው ግን ቆይታ ነው።

«አብረን ከምናሳልፈው ጊዜ ግማሹ እኮ እንቅልፍ ነው» ይላታል።

«ግማሹ ደግሞ አንተ ስለ ሥራህ ሳትናገር የምታልፈው። በትክክል ምንድን ነው የምትሠራው?»

«አየር መንገዶች ለመንግሥት የሚያስገቡትን ወረቀት እጽፋለሁ።»

«ምን ዓይነት ወረቀት?»

«አንብበሽ ሳትጨርሺ የምትተኚበት ዓይነት።»

ትስቃለች። ጥያቄውም በዚያው ያልፋል።

በጥቅምት የቢንያም አጎት፣ ጋሽ አያሌው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው አሌክሳንድሪያ መጡ። የሩሃማ አባት፣ ጋሽ በፍቃዱ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ያላወጡትን ሱፍ ለብሰው ተቀበሏቸው። የሆቴል ፓርኪንግ ሲጠብቁ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ቃል የማያበዙ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ ረጅሙን መግቢያቸውን ሳይጨርሱ «ልጁን አውቀዋለሁ፤ ልጄ ስትተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው ነው። ሰጥቻለሁ» አሉ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ሶሊ ደወለች። ሶሊ አስፐን ሂል ያደገች የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ ሁለቱም የሚሠሩት ቡድኖችንና ጎብኚዎችን በኪራይ በሚያመላልስ አነስተኛ የቻርተር አየር መንገድ ውስጥ ነው።

«ሩሂ፣ ፖስት ተደርጓል! ካምፓኒው ኤግዘምፕሽን ጠይቋል።»

«የምን ኤግዘምፕሽን?»

«ከረስት ሩሉ! አሥሩን ሰዓት ስምንት ሊያደርጉት ነው። ሃያ ቀን ለኮሜንት ክፍት ነው። ጻፊ፣ ፕሊስ፣ ሁላችንም እንጻፍ።»

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። አንድ የበረራ አስተናጋጅ ሥራዋን ጨርሳ እንደገና እስክትገባ ድረስ ቢያንስ አሥር ሰዓት ማረፍ እንዳለባት ደንቡ ያዛል። አንድ አየር መንገድ ከደንብ ነፃ ልሁን ብሎ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው ለሕዝብ ይወጣል፤ ማንም ሰው ስሙን ጽፎ እደግፋለሁ ወይም እቃወማለሁ ማለት ይችላል። የሩሃማ ካምፓኒ የጠየቀው፣ የበረራ ፕሮግራም በተዛባ ቁጥር ዕረፍቱ ወደ ስምንት ሰዓት እንዲወርድለት ነው። የማይዛባበት ቀን ደግሞ የለም።

ሩሃማ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ አልተኛችም። «ለሕዝብ ጥቅም» ይላል። «የደኅንነት ደረጃውን አይቀንስም» ይላል። አሥሩ ሰዓት አልጋ ላይ የሚውል ይመስላቸዋል እንዴ? የሆቴሉ መኪና እስኪመጣ ብርድ ላይ የምትቆመው በዚያ ሰዓት ውስጥ ነው። የክፍል ቁልፍ ለመቀበል የምትሰለፈው፣ የምትበላው፣ የምትታጠበው፣ ሸሚዟን የምትተኩሰው፣ ተመልሳ አውሮፕላን ማረፊያው የምትደርሰው ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። ከአሥሩ ስድስት ሰዓት ከተኛች ዕድለኛ ናት። ሁለቱ ሰዓት የሚቆረጠው ከመኪናው አይደለም፤ ከሰልፉም አይደለም። ከእንቅልፏ ነው። ያቺ ሰው ናት እንግዲህ ጭስ ሲነሳ በር ከፍታ መንገደኛውን በደቂቃ ውስጥ እንድታስወጣ የሚጠበቅባት።

እዚያው ተቃውሞዋን ጻፈች፤ ስሟን አኑራ ላከችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሶሊ እንደገና ደወለች። ድምፅዋ ተቀይሯል።

«ኮሜንቶቹን ቼክ አደረግሽ?»

«አይ። ምነው?»

«ሰፖርት ያደረጉት እኮ ሁሉም ሐበሾች ናቸው። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፣ ኮፒ ፔስት። ዋት ኢዝ ዚስ?»

ሩሃማ በአውሮፕላን ማረፊያው የሠራተኞች ክፍል ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። «የአካባቢው ነዋሪ ነኝ። አየር መንገዱ የጠየቀውን እደግፋለሁ፤ ለትንንሽ ከተሞች ጥቅም ነው» ይላል እንግሊዝኛው። ከሥሩ ስም። ቀጥሎም ያው ጽሑፍ፣ ሌላ ስም። የምታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የሚያስቀድሱ፣ ባለፈው ወር «ምነው ከሳሽ፣ እንቅልፍ የለሽም እንዴ?» ያሏት ወይዘሮ ሸዋዓለም ሳይቀሩ አሉበት።

ጣቷ ወደ ታች ወረደ። በፍቃዱ ይላል። የአባቷ ሙሉ ስም፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ።

ቤት ስትገባ አባቷ ዜና እያዩ ነበር። ስልኩን ከፊታቸው ዘረጋችው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

መነጽራቸውን አደረጉና ስማቸውን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «አሃ፣ ወጣ እንዴ? የቢንያም ነገር ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ አያሌው አዳራሹ ውስጥ አይፓድ ይዘው ቆሙ። ‘ልጃችን የጻፈው አንድ ጉዳይ መንግሥት ዘንድ ቀርቧል፣ ስማችሁንና ኢሜላችሁን ብቻ’ አሉ። ሰው ሁሉ ተሰለፈ።»

«ልጃችን የጻፈው?»

«አዎ፣ ቢንያም።»

ሩሃማ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምን እንደሚል ጠየቅካቸው?»

«የአማቼ ስም ተጠርቶ እኔ ‘ቆይ ላንብበው’ ልበል? ሰው ምን ይለኛል? ሽማግሌ ልከው ገና ወር ሳይሞላ?»

በአማርኛ ነገረቻቸው። አንድም ነገር ሳታስቀር፣ ሳትጮህ። ጋሽ በፍቃዱ ቴሌቪዥኑን ዘጉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት እጃቸው ቦታውን ሳተ።

«ያኔ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የጎረስሽውን ሳትውጪ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተኛሽ ጊዜ… ጫማሽን ያወለቅኩልሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«እና እኔ ነኝ በዚህ እጄ…» አልጨረሱትም። ሩሃማ አባቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም፤ የእናቷ ለቅሶ ላይ እንኳ።

በማግስቱ ቢንያም እንደወትሮው ወንዙ ዳር መጣ። ሁለት ሻይ ይዟል። ሩሃማ አልተቀመጠችም።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። ሻዮቹን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

«ረቂቁን እኔ ነኝ የሠራሁት። ስጀምረው የደንበኛው ስም አልተነገረኝም ነበር። ያንቺ ካምፓኒ መሆኑን ሳውቅ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ… መንገሩ ከበደኝ።»

«ሽማግሌ ስትልክ ታውቅ ነበር?»

መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር።

«ቢንያም! አባቴ ሱፉን ለብሶ ‘ሰጥቻለሁ’ ሲል ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ፊርማውስ?»

«አለቃዬ ከአካባቢው ሰው ድጋፍ ቢገኝ አለ። እራት ላይ ለጋሽ አያሌው አነሳሁላቸው፣ ሊንኩንም ላክሁላቸው። ለአምስት ስድስት ሰው መስሎኝ ነበር። እሳቸው በደስታ ቤተ ክርስቲያን ይዘውት ሄዱ። ሩሂ፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ዝም ብሎ ይሞታል ብዬ ነው።»

«ዝም ብሎ! ያንተ ነገር ሁሉ ዝም ብሎ ነው።» ድምፅዋ ከፍ ሲል ወንዙ ዳር የሚሮጡ ሰዎች ዞር ብለው አዩ፤ ግድ አልሰጣትም። «እኔን ከእንቅልፌ ላለመቀስቀስ ጣቢያህን ያለፍክ ሰው፣ ቢሮህ ገብተህ ሁለት ሰዓት እንቅልፌን ቆረጥክ። ከዚያ መጥተህ እዚህ ፀሐይ ትከልልልኛለህ። ስንት ጊዜ ነው ትከሻህ ላይ የተኛሁት? እያወቅክ!»

«የአባትሽን ስም አሰርዛለሁ። ዛሬውኑ። ማንም ሳይሰማ…»

«የአባቴን ብቻ? ማንም ሳይሰማ?» መራራ ሳቅ ሳቀች። «እትዬ ሸዋዓለም ሌሊት አረጋውያን ሲንከባከቡ የሚያድሩ ሴት ናቸው። የእሳቸውን ስም ማን ያሰርዝላቸዋል? የት ነው የጠየቃችኋቸው? አዳራሹ ውስጥ፣ በሰው ፊት። እዚያው ቆመህ የፈረሙት ምን እንደሆነ ንገራቸው።»

«አጎቴን በሕዝብ ፊት ላዋርዳቸው? ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

«አባቴንስ አላዋረድከውም?»

ሩሃማ ጠበቀችው፤ ከልቧ ጠበቀችው፤ አንድ ቃል ቢወጣው ኖሮ እዚያው ትቀመጥ ነበር። እሱ ግን ወንዙን ነው ያየው።

«ያን ቀን ፔንታጎን ላይ ሆነህ የተሳሳተ ባቡር ላይ መሆኔን ታውቅ ነበር» አለች። «አይተህ ዝም አልክ። እኔ ሞኟ ደግነት መስሎኝ ነበር። ከጥምቀት በኋላ የሚባል ነገር የለም።»

ሻዩ ሳይነካ እዚያው ቀረ።

አስተያየት መስጫው ሊዘጋ ሁለት ቀን የቀረው እሁድ ነው። ሩሃማ ጠዋት ከበረራ ወርዳ እንቅልፍ ባላየ ዓይኗ ወደ ቤት ልትሄድ ስትል አባቷ ደወሉላት። «ጎረቤታችን ዘሪሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ሊያደርሰኝ ነው። ስሜን በሰጠሁበት ቦታ ልመልስ ነው። አጠገቤ ብትሆኚ ደስ ይለኛል» አሏት። ሄደች። ዩኒፎርሟ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ከአዳራሹ በር አጠገብ ቆመች። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሁሉ ጠበል ጻዲቅ እየቀመሰ ነበር።

ጋሽ በፍቃዱ ተነሱ። በሰው ፊት ተናግረው ስለማያውቁ ወንበሩን ተደግፈው ነበር።

«ባለፈው ጊዜ አንድ ነገር ላይ ስሜን ሰጥቼ ነበር…»

«ጋሽ በፍቃዱ፣ ይቀመጡ እስቲ» አሉ ጋሽ አያሌው ከፊት ሆነው፣ በለሰለሰ ድምፅ። «የቤታችንን ነገር በኋላ እንነጋገራለን። ቤተሰብ አይደለን እንዴ?»

አባቷ ወደ ወንበራቸው ዝቅ ማለት ጀመሩ። በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ደግሞ ማንም አይገባም። ሩሃማ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

«አይቀመጡ» አለ አንድ ድምፅ ከመሀል።

ቢንያም ነው። ሩሃማ መኖሩን አላየችም ነበር። በእጁ ከያዘው ወረቀት ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«የጋሽ በፍቃዱ ስም የተሰጠው እኔ ለጻፍኩት ነገር ነው። የሁላችሁም። ምን እንደሆነ ማንም አልነገራችሁም፤ እኔ መናገር ነበረብኝ።»

«ቢኒ» አሉ ጋሽ አያሌው፣ «ይሄ የቢሮ ነገር ነው። እዚህ አይነሳም።»

«ያነሳነው እዚሁ ነው ጋሼ።»

ከዚያም አነበበላቸው። ማመልከቻውን ራሱ ወደ አማርኛ መልሶታል። ሰዎቹ በመጀመሪያ ዳቧቸውን እያላመጡ ሰሙ፤ ቆይተው ማላመጡን ተዉት። ስምንቱ ሰዓት ላይ ሲደርስ ወይዘሮ ሸዋዓለም ተነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ። መኪና የምትጠብቅበት ጊዜስ?»

«ከስምንቱ ይቆጠራል።»

«የምትበላበት?»

«እሱም።»

«እና እኔ ነኝ ይሄን የደገፍኩት?» ወደ በሩ ዞረው ሩሃማን ከነሻንጣዋ አዩዋት። «ሁለት ሺፍት የምሠራ ሰው! እንቅልፍ ምን እንደሆነ ለኔ ነው የሚነገረኝ? አንተ ልጅ፣ እኛ ላንተ ብለን እኮ ነው!»

«አውቃለሁ እትዬ። ለኔ ብላችሁ እንደምታደርጉት ስለማውቅ ነው ያልነገርኳችሁ።»

ይህን ሲል አንድ ሰው «ኤጭ!» አለ። ሌላው አጉረመረመ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከጥግ ደግሞ አንድ አዛውንት ጮክ ብለው «ታዲያ አሁን ምን ብለን ነው የምንፈርመው?» ሲሉ የተከፋውም ሰው ሳቀ።

«ዛሬ እኔ የማመጣላችሁን ምንም አትፈርሙ» አለ ቢንያም። «እንቅልፍ የማይነሳችሁን በራሳችሁ ቃል ጻፉ።»

ጋሽ አያሌው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ወለሉን ያያሉ። ጋሽ በፍቃዱ ወደ እሳቸው ሄዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው ወደ ቢንያም ቀና አሉ።

«እኔ ከጋሽ አያሌው ጋር እቆያለሁ፤ የምንጨዋወተው አለን። ልጄን ቤቷ አድርስልኝ፤ ቆማ ልትተኛ ነው።»

ቢንያም የሚነዳው የአጎቱ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እስክታስር አልተናገረችም።

«ይቅር ብዬሃለሁ ማለት አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ሥራህስ?»

«ዓርብ ለቀቅኩ። እንዲያው ሌላ ቀን እነግርሻለሁ ልል ነበር» አለ፣ መንገዱን እያየ። «አሁን ነገርኩሽ።»

«ለካምፓኒው ቢፈቅዱለትስ?»

«ሊፈቅዱለት ይችላሉ። የፊርማ ብዛት እንደ ምርጫ ድምፅ አይቆጠርም፤ የሚያዩት ምክንያቱን ነው። ጥሩ ምክንያት ጽፈሻል። አንብቤዋለሁ።»

«እነሱም አንብበውታል፤ ግን አንድ ሌሊት ከኔ ጋር አላደሩም» አለች። ንዴቷ እንደ አዲስ ተነሳ፤ ስለ ሸሚዙ መተኮስ፣ ስለ ብርዱ፣ «ለሕዝብ ጥቅም» ስለሚለው ቃል እየተናገረች፣ ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ ላይ ገና እንደወጡ በዓረፍተ ነገር መሀል ተኛች።

«ሩሃማ።»

ሩቅ ነው።

«ሩሃማ፣ ተነሺ። ደርሰናል።»

የወንዙን ድልድይ መቼ እንዳለፉ አላወቀችም። መኪናው የሚኖሩበት ሕንፃ በር ላይ ቆሟል። የቀትር ፀሐይ ጉልበቷ ላይ ወድቃለች። ቢንያም ትከሻዋን ይዞ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ ያነቃንቃታል።

«አምስት ደቂቃ…»

«አይሆንም። ገብተሽ አልጋሽ ላይ ትተኛለሽ።»

ቆጣ ብላ አየችው። ሆዱ እምቢ እንዳለው ፊቱ ላይ ይታያል፤ እጁ ግን አልለቀቃትም። ሻንጣዋን ከኋላ አወረደ፤ አሌክሳንድሪያ የሚለው ካርድ አሁንም ተንጠልጥሎበታል።

«ፔንታጎን ላይ እንዲህ ብትቀሰቅሰኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«አንተዋወቅም ነበር።»

«እንተዋወቅ ነበር። ተቆጥቼህ ነበር የምንተዋወቀው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ተቆጥቻለሁ» አለች ሩሃማ። ወደ ሕንፃው ፊቷን አዞረች፤ የሻንጣዋን እጀታ ግን እሱ እጅ ላይ ተወችው።